እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሽማግሌ ውሻ ነው። ትናንት ማታ በር ሲንኳኳ ጮኾ የተነሣ፣ ዛሬ ጠዋት ግን የኋላ እግሩ አልታዘዝ ብሎት የተኛበት ስለቀረ ውሻ።

አዲስ አበባ ውስጥ በለቡም ሆነ በመካኒሳ ግቢ ያለው ሰው ይህን ውሻ ያውቀዋል። ቡችላ ሆኖ ነው የመጣው። ወይ «ጀርመን» የምንለው ዘር ነው፣ ወይ ከሐበሻው ጋር የተዳቀለ። ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ሌሊት ግቢው የእርሱ ነው። ከልጆቹ ጋር አድጎ፣ ልጆቹ ትዳር ይዘው ወይም ውጭ አገር ሄደው፣ እርሱ ከአባትና ከእናት ጋር ቀርቷል። እንዲህ ያለው ትልቅ ውሻ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው ሽማግሌ ሊባል ይችላል፤ ትንንሾቹ ዘሮች ግን ዐሥርን ተሻግረውም አይበገሩም።

እንግዲህ ጠዋት ላይ አልነሣ ሲል ቤተሰቡ ይሰበሰባል። አንዱ «ምች መቶት ነው» ይላል። ሌላው «የሲሚንቶው ብርድ ገብቶበት ነው» ይላል። ዘበኛው «ሰው መርዝ ጥሎለት ነው» ብሎ ወደ ጎረቤት አጥር ያያል። በመጨረሻ የቤቱ አባወራ «በቃ፣ አርጅቷል» ይላሉ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ይዘጋል።

እኔ የምከራከረው ከዚህ ከመጨረሻው ፍርድ ጋር ነው። እርጅና ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ደረጃ መውጣት ይከብደዋል፤ ከተኛበት ሲነሣ ያስቃስተዋል፤ ጥፍሩ ኮብልስቶኑ ላይ እየተጎተተ ይሰማል። ማታ ቆሞ ጠዋት የወደቀ ውሻ ግን በዚያች ሌሊት አላረጀም። የሆነ ነገር አግኝቶታል፤ ያገኘው ነገር ደግሞ ስም አለው። አንዳንዱ በሦስት ቀን ራሱ መልቀቅ የሚጀምር ነው፤ አንዳንዱ በሰዓታት ውስጥ ካልተደረሰለት የማይመለስ ነው፤ አንደኛው ደግሞ ከውሻው አልፎ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ የሚሄድ ነው። ከዚህኛው ልጀምር።

መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ።

የእብድ ውሻ በሽታ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አረፋ እየደፈቀ፣ ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ መንገድ ለመንገድ የሚሮጥ ውሻ ነው። ይህ የበሽታው አንደኛው መልክ ነው። ሌላም ዝም ያለ መልክ አለው፤ በዚህኛው ውሻው አይቆጣም፣ አይሮጥም። ቫይረሱ ነርቭን ተከትሎ ወደ ኅብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል ሲዘልቅ ጡንቻዎች መዛል ይጀምራሉ። የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። የታችኛው መንጋጋው ወርዶ ይንጠለጠላል፤ ምራቁ ይዝረበረባል፤ ድምፁ ተለውጦ ይሻክራል፤ ውኃ ለመጠጣት ይሞክርና መዋጥ ያቅተዋል። እንዲህ ያለው ውሻ የሚያስፈራ ሳይሆን የሚያሳዝን ስለሚመስል ነው አደጋው። ባለቤቱ «ከሥጋ ቤት ያመጣሁለት አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ውሻው ላይነክሰው ይችላል፤ ነገር ግን ጣቱ ላይ ትንሽ ጭረት ካለች ምራቁ በዚያች በኩል ይገባል።

ስለዚህ ውሻችሁን ከመንካታችሁ በፊት ጥቂት ነገር ጠይቁ። በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ተከትቧል? ባለፉት ሳምንታትና ወራት ከሌላ ውሻ ጋር ተናክሷል? ከአጥር ወጥቶ አድሯል? ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ብዙ ወራት ስለሚወስድ የትናንቱን ብቻ ማሰብ አይበቃም። ጩኸቱ ተለውጧል? አፉ አልዘጋ ብሏል? የሚያውቃችሁ ውሻ እንግዳ ሆኖባችኋል? ክትባቱ ያለፈበት ሆኖ ከእነዚህ አንዱ እንኳን ከተገኘ በሩን ዝጉበት፣ ልጆችን አርቁ፣ በወረዳችሁ ያለውን የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ጥሩ። በዱላ ወይም በድንጋይ ራሱን መምታት ደግሞ ጭካኔነቱ እንዳለ ሆኖ ሌላም ጉዳት አለው፤ በሽታው በላቦራቶሪ የሚረጋገጠው ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ነውና የተፈረከሰ ራስ ለምርመራ አይመችም።

ተነክሳችሁ ከሆነ ወይም ምራቁ ቁስል ላይ ከነካችሁ፣ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። 15 ደቂቃ ስትቆሙበት ረጅም ነው፤ ሰዓት እያያችሁ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ሰው ሲነክስ ለ10 ቀን ተይዞ የሚጠበቀው በከንቱ አይደለም፤ ምራቁ በሽታ የሚያስተላልፍበት ደረጃ ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታልም። እናንተ ግን ክትባቱን ለመጀመር 10ሩን ቀን አትጠብቁ። ውሻው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ክትባቱ ይቋረጣል፤ ካልሆነ ቀድማችኋል። ጠበል መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ እኔ አልከለክልም፤ ከመርፌው ግን አያስቀድመው። ሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ብሎ ማሰብ ይሻላል።

አዲስ አበባ ከዚህ በሽታ ጋር ያላት ትውውቅ የከተማዋን ዕድሜ ያህል ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1903፣ በእኛ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ክረምት፣ በምኒልክ ዘመን፣ በከተማዋ ወረርሽኝ እንደነበረ በታሪክ ተመዝግቧል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስትም በኢትዮጵያ ስለ በሽታው ታሪክና ስለ ባህላዊ መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመ ጥናት አላቸው። በዕድሜ የገፋችሁ አድማጮቻችን ደግሞ ጉለሌ «ፓስተር» ተብሎ እስከ ዛሬ የሚጠራውን ሰፈር ታውቃላችሁ። የተነከሰ ሰው ወደዚያ እየተመላለሰ በየቀኑ ሆዱ ላይ ይወጋ የነበረውን መርፌ ያስታወሰ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ያ ከእንስሳት የነርቭ ሥጋ የሚዘጋጅ አሮጌ ዓይነት ክትባት ነበር። የዘመኑ ክትባት ክንድ ላይ፣ በጥቂት ቀጠሮዎች የሚሰጥ ነው፤ «ሆዴን ልወጋ ነው» ብሎ የሚሸሽ ካለ ፍርሃቱ ጊዜው አልፎበታል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከ100 ሰው 99ኙን የሚያሲዘው ውሻ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ውድ አድማጮቻችን፣ እንግዲህ ውሻችሁ በየዓመቱ የተከተበ ነው እንበል፤ ደብተሩም አለ፤ መንጋጋውም ድምፁም ደህና ነው። አሁን ቀረብ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ። የታመመ ውሻ የሚወደውንም ሰው ሲያመው ይነክሳልና፣ ከነጠላ ላይ ረዘም ያለ ቁራጭ ወስዳችሁ አፍንጫው ላይ ጠምጥሙት፣ ከአገጩ ሥር አጥብቁት፣ ከጆሮዎቹ ኋላ ቋጠሮውን እሰሩ። መተንፈስ ያስቸገረው ወይም የሚያስመልሰው ከሆነ ግን አትሰሩት።

ከእግሩ በፊት ድዱን ተመልከቱ። ይህን የምለው ብዙ ሰው እግር እግሩን ሲያይ ሌላው ስለሚያመልጠው ነው። የጤነኛ ውሻ ድድ ሮዝ ነው። ነጭ ሆኖ ከተገኘ፣ ሆዱም ተነፍቶ ከሆነ፣ እግሩ ምንም አልሆነም፤ ውስጡ እየደማ ሊሆን ይችላል። በሽማግሌ ትላልቅ ውሾች ጣፊያ ላይ የሚወጣ ዕጢ አለ፤ ማንም ሳያውቀው አድጎ አንድ ቀን ይፈነዳል። ውሻው ደም አጥሮት ይወድቃል፤ ባለቤቱ «እግሩ ከዳው» ይላል። ይህ ቁርስ ተበልቶ የሚኬድበት ጉዳይ አይደለም።

ቀጥላችሁ ራሱን እዩ። አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል? ዓይኖቹ ከግራ ወደ ቀኝ ቶሎ ቶሎ ይወዛወዛሉ? ሲነሣ ወደ አንድ ወገን እየዞረ ይወድቃል? ያስመልሰዋል? ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ወይም ነርቩ ላይ ነው፤ እግሮቹ ጉልበታቸው እንዳለ ነው። በሽማግሌ ውሾች ዘንድ የተለመደ ነው፣ ያለ ግልጽ ምክንያትም ይመጣል። ሰው ሲያየው ያስደነግጣል። «ስትሮክ ነው፣ አበቃለት» ተብሎ ስንቱ ውሻ ቀኑ ሳይደርስ እንዲሞት ተፈርዶበታል። አብዛኛዎቹ ግን በሦስት ቀን ውስጥ መሻል ይጀምራሉ፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ይድናሉ፤ አንገቱ ትንሽ ዘንበል እንዳለ ሊቀር ይችላል፣ ያ ደግሞ ማንንም አልገደለም። ያም ሆኖ ሐኪም ጆሮውን ይመልከት፤ የጆሮ ውስጥ ቁስለትም ይህንኑ ያመጣልና።

ራሱ ደህና ሆኖ የኋላ እግሮቹ ብቻ ከተጎተቱ ወደ ጀርባው እንሂድ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የሚድነውና የማይድነው የሚለየው እዚህ ነው።

በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል ለስላሳ ዲስኮች አሉ። ከዕድሜ ጋር ይደርቃሉ፤ አንደኛው ወደ ላይ ሲገፋ ወይም ሲፈነዳ ኅብለ ሰረሰሩን ይጫነዋል። የውኃ ጎማ ላይ ሰው ሲቆም ማዶ ያለው አትክልት እንደሚደርቅ፣ ከተጫነበት ወዲያ ያለው አካል ትእዛዝ አይደርሰውም። ዋናው ጥያቄ ጎማው ላይ የቆመው ሰው ስንት ኪሎ እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደቆመ ነው። ይህን ለማወቅ የኋላ እግሩን መዳፍ ገልብጣችሁ በጣቶቹ ጀርባ አስቁሙት። ጤነኛ ውሻ ወዲያው ይመልሰዋል፤ የተጎዳው እንደተገለበጠ ይተወዋል። ከዚያ በጣቶቹ መካከል ቆንጠጥ አድርጉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ውሻው እግሩን ሰብሰብ ሲያደርግ «ተሰማው!» ብሎ ይደሰታል። እግር መሰብሰብ ያለ አንጎል የሚሠራ የነርቭ ምላሽ ነው፤ ጉዳት የደረሰበት ውሻም ያደርገዋል። የምትጠብቁት ዞር ብሎ ሲያያችሁ፣ ሲያቃስት ወይም ሊነክሳችሁ ሲሞክር ነው። ያ ሕመሙ ራሱ ድረስ ደርሷል ማለት ነው፤ የመዳን ተስፋውም ትልቅ ነው። አጥብቃችሁ ቆንጥጣችሁት ዞሮ እንኳን ካላያችሁ ግን ጊዜ የላችሁም። በሌላው ዓለም ያሉ ቀዶ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ውሻ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢያንስ 48 ሰዓት ሳይሞላው ጠረጴዛ ላይ ለማውጣት ይሽቀዳደማሉ።

እኛ አገር ለውሻ አከርካሪ ቀዶ ሕክምናም ሆነ ኤም.አር.አይ. ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ አልደብቃችሁም። ራጅ አጥንቱን ያሳያል፤ ኅብለ ሰረሰሩን አያሳይም። ነገር ግን የሚሰማውና ትንሽም ቢሆን እግሩን የሚያንቀሳቅሰው ውሻ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በሐኪም በታዘዘ መድኃኒትና በጥብቅ ዕረፍት ብዙ ጊዜ ይነሣል። ጥብቅ ዕረፍት ስል ግቢ ውስጥ እንኳን አይፈታም ማለቴ ነው። ሰርቪስ ቤት ጥግ ላይ፣ ከመዞር የማይበልጥ ቦታ፣ ቢያንስ ለአራት ሳምንት። ለሽንት ብቻ፣ በገመድ ተይዞ፣ በሆዱ ሥር በፎጣ ተደግፎ ይወጣል። ሰባተኛው ቀን ላይ ሻል ይለውና ባለቤቱ አዝኖለት ይፈታዋል፤ በር ሲንኳኳ ይዘላል፤ ሁለተኛው አወዳደቅ ከመጀመሪያው ይከፋል።

ዲስክን የሚመስል ሌላም አለ። ውሻው ሲዘል ወይም ሲሮጥ አንዴ ይጮኻል፣ ከዚያ ይወድቃል፤ አንደኛው ጎኑ ከሌላው ይበልጥ ይዝላል፤ ጀርባውን ስትጫኑት ግን አያመውም። የዲስክ ቅንጣት ወደ ኅብለ ሰረሰሩ የደም ሥር ገብታ ዘግታው ነው። ከአንድ ቀን ወዲያ አይብስበትም። ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ በእንቅስቃሴና በማሸት ይመለሳሉ። የኋላ እግሮቹ ከዝለታቸው ሌላ በረዶ ሆነው፣ ጥፍሮቹ ጠቁረው፣ በጭኑ ውስጥ በኩል የልብ ትርታው ከጠፋ ግን ዋናው የደም ቧንቧ ላይ የረጋ ደም ተቀምጧል፤ እርሱ ከሁሉም የከፋው ነው።

ስለ ጥገኛ ትልም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በምሥራቅ አፍሪካ ውሾች የሚታወቅ፣ በጢንዚዛ በኩል የሚተላለፍ ስፓይሮሰርካ የሚባል ትል አለ። ኩበት የምታንከባልለውን ጢንዚዛ ውሻው ይበላል፤ ወይም ጢንዚዛውን የበላች ዶሮ አንጀት ይጣልለታል። ትሉ በትልቁ የደም ቧንቧ ግድግዳ በኩል ተጉዞ የምግብ ቧንቧ ላይ ዕጢ ይሠራል። መንገድ ሲስት አከርካሪ ውስጥ ገብቶ የኋላ እግርን በድንገት ይጥላል። የበዓል ሰሞን የዶሮ አንጀትና ጥሬ የበግ ሳንባና ጉበት ለውሻ መጣል ልማዳችን ነው፤ ሳንባውና ጉበቱ ደግሞ ለሰው የሚተርፍ ሌላ ዓይነት የትል ከረጢት ይዞ ይመጣል። ቀቅሉት። ውሻው ጥሬ ካልሆነ አልበላም አይልም።

እስካሁን ያልኩት ሁለት እግር ለያዘው ነው። አንድ እግሩን ብቻ አንሥቶ በሦስት የሚሄደውን በተመለከተ ነገሩ ቀለል ይላል። መዳፉን ፈትሹ። በየሰፈሩ ግንባታ አለ፤ ሚስማርና ብርጭቆ መንገድ ላይ ነው። ታስሮ የሚውል ውሻ ጥፍሩ ተጠማዝዞ ሥጋው ውስጥ ይገባል። መዳፉ ደህና ከሆነና የኋላ እግሩን የጣት ጫፍ ብቻ እያስነካ የሚቆም ከሆነ፣ ሲቀመጥም እግሩን ወደ ጎን የሚዘረጋ ከሆነ፣ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል። የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ለወራት ከሜዳ የሚያርቀው ያው ጅማት ነው። ውሻ ላይ ግን ቀስ በቀስ ሳስቶ ሳስቶ አንድ ቀን በትንሽ ዝላይ ይበጠሳል፤ ክብደቱ የበዛ ውሻ ደግሞ ሌላኛውንም ጉልበት ውሎ አድሮ ያስከትላል።

የፊት እግር ከሆነ፣ ከመዳፉ አንጓ ትንሽ ከፍ ብሎ ወይም ትከሻው አጠገብ ጠንካራ እብጠት ከዳሰሳችሁ ግን እጃችሁን አንሡ። በትላልቅ ሽማግሌ ውሾች የአጥንት ካንሰር የሚወዳቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው፤ በኋላ እግር ደግሞ ከጉልበት በላይና በታች። የተቦረቦረ አጥንት በራሱ ጊዜ ይሰበራል። ወጌሻ ጠርታችሁ በቅቤ ያሸላችሁና የጎተተላችሁ እንደሆነ እዚያው እጁ ላይ ይሰበራል። ወጌሻን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ራጅ ሳይነሣ የሽማግሌ ውሻ እግር አይጎተት።

መርዝም አለ። በከተማችን ባለቤት አልባ ውሾችን ሥጋ ውስጥ በተደረገ ስትሪክኒን ማስወገድ የቆየ ልማድ ነው፤ ሥጋውን ባለቤት ያለው ውሻም ያገኘዋል። ይህ መርዝ እግሩን አያዝለውም፣ ያገትረዋል። አራቱም እግሮች እንጨት ይሆናሉ፤ ድምፅ ወይም ብርሃን ሲያገኘው ይንቀጠቀጣል። በተቃራኒው የሞተ እንስሳ ሬሳ በልቶ ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት ሁሉም አካሉ እንደ ጨርቅ የላላ ከሆነ ቦቱሊዝም ሊሆን ይችላል። ስለ ስትሪክኒን ያለኝን ልናገር፦ ከተማን ከእብድ ውሻ በሽታ የሚያድናት ክትባት ነው። መርዝ የጣልንባቸው ሰፈሮች ባዶ ሆነው አልቆዩም፤ ያልተከተቡ ሌሎች ውሾች ይገቡባቸዋል።

መዥገር ደግሞ ሌላው ነው። ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል ያለው ቡናማ መዥገር የሚያስተላልፈው ተህዋስ ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ዛሬ በዚህኛው ነገ በዚያኛው እግር የሚዞር ማነከስ ያመጣል፤ አንዳንዴም ነስር። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ሐኪም በሚያዝዘው ዶክሲሳይክሊን ይታከማል፤ ብዙ ጊዜም ለ28 ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን ስለተሻለው አታቋርጡ።

«ጀርመን» ላላችሁ አንድ ቃል። በዚህ ዘር ላይ ከስምንት ዓመት ወዲያ የሚመጣ፣ በዘር የሚወረስ የኅብለ ሰረሰር መድከም አለ። አያምም፤ በወራት ውስጥ ነው የሚጨምረው፤ የመካከለኛ ጣቶቹ ጥፍር እየተላገ ያልቃል። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግርም በዚሁ ዘር ይበዛል። ሁለቱም ቀስ ብለው የሚመጡ ናቸው፤ እኛ ግን ድንገት እናያቸዋለን፤ ሁሌ ታስሮ የሚውል ውሻ አካሄዱን ማን አየለት?

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ሁሉም ቤት ወደሚገኘው መሳቢያ እንምጣ። ለእማማ ጉልበት የተገዛው ዲክሎፌናክ እዚያ አለ፤ አይቡፕሮፌንም አለ። ውሻው ሲያቃስት አንጀት አይችልምና በዳቦ ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። አታድርጉት። እነዚህ መድኃኒቶች የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ ሽማግሌ ሲሆንና ውኃ በቅጡ ሳይጠጣ ሲቀር ደግሞ ይብሳል። ጥቁር ሰገራና ደም የተቀላቀለበት ትውከት ካያችሁ ጉዳቱ ደርሷል ማለት ነው። ፓራሲታሞልም ጉበቱን ይጎዳል። ዲክሎፌናክ ሌላም ችግር አለው፦ ሐኪሙ ዴክሳሜታሶን ሊወጋው ቢፈልግ፣ ሁለቱ ተደርበው አንጀት ሊበሱ ይችላሉ። ሰጥታችሁት ከሆነ አትፈሩ፣ አትደብቁ፤ ምን፣ ስንት፣ መቼ እንደሰጣችሁ ተናገሩ።

ወደ ሕክምና ስትወስዱት ጀርባው መታጠፍ የለበትም። ሁለት ሰው በፊትና በኋላ እግር ይዞ ማንጠልጠል ያልሞተውን ነርቭ ይገድላል። ጣውላ ወይም የአሮጌ በር ሳንቃ አጠገቡ አኑሩ፣ በጋቢ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ሳንቃው ሳቡት፣ በጨርቅ እሰሩት። ሚኒባስ አይጭናችሁም፤ ፒክ አፕ ያለው ጎረቤት ፈልጉ። ከተማው ውስጥ የግል የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ። ከፍ ያለ ምርመራ ከተፈለገ ከሳሪስ በደብረ ዘይት መንገድ ቀጥ ብሎ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የአገሪቱን ሐኪሞች ሲያስተምር የኖረ ነው። ስትሄዱ ሐኪሙ የሚጠይቃችሁን ተዘጋጁበት፤ መቼ ጀመረ፣ እየባሰ ነው ወይስ ባለበት ነው፣ ሽንቱን ሸንቷል ወይ። በስልካችሁ አካሄዱን ቀድታችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ግማሹን ሥራ አቃለላችሁለት።

ሽንቱን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የኋላ እግሩ የከዳው ውሻ ፊኛውም ሊከዳው ይችላል። ሽንቱ ሲንጠባጠብ አይታችሁ «ይሸናል» አትበሉ፤ ሞልቶ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ባዶ የማድረጉን ዘዴ ሐኪሙ በእጃችሁ ያሳያችሁ። እቤት ሲመለስ በየአራት ሰዓቱ ጎኑን አገላብጡት። ሲሚንቶ ላይ አይተኛ፤ አሮጌ ፍራሽ፣ በላዩ የሚታጠብ ጨርቅ ይሁን፤ ከሥሩ ጭድ የሞላ ጆንያ ቢሆንም ይበጃል። የረጠበ ጸጉር ቁስል ይሆናል፤ ቁስል ላይ ዝንብ ያርፋል፤ በሁለት ቀን ትል ይወጣዋል። አድካሚ ሥራ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም፤ ቤተሰቡ ተራ ይግባ።

የማይድንበት ጊዜም አለ። የሚሰማው ነገር ጠፍቶ ሳምንታት አልፈው፣ ቁስሉ አልሽር ብሎ፣ መብላት ካቆመ፣ ሐኪም ሳያሠቃየው በመርፌ እንዲያሳርፈው መጠየቅ ነውር የለውም። ሰው ይህን ሲሰማ «ነፍስ ማጥፋት አይሆንብኝም» ይላል፤ ስሜቱን አከብራለሁ። ነገር ግን ይህንኑ ያለ ሰው ውሻውን በሌሊት መኪና ላይ ጭኖ ከተማው ዳር፣ ጅብ በሚመላለስበት ሜዳ ጥሎት ሲመለስ ምን ይባላል? ዐሥር ዓመት በራችሁን ለጠበቀ እንስሳ ይህ የማይገባ ነው፤ ያልተከተበ ከሆነ ደግሞ ችግሩን ለሌላ ሰፈር ልጆች ማስተላለፍ ነው።

ሰዓታችን እያለቀ ነው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የውሻችሁን የክትባት ደብተር ፈልጉ። የመጨረሻው ማኅተም ዓመት ካለፈው ወይም ደብተሩ ከጠፋ፣ በዚህ ሳምንት ወስዳችሁ አስከትቡት፤ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ቢሆንም ያው ነው። የጎረቤታችሁንም ጠይቁ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ቡችላ አመጋገብ እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)